የእትዬ አልማዝ ቮልስ የፊት እግር

ሰኞ፣ ጥቅ. 4። ምሳ ሰዓት

ጀርባዬ አልቋል። ከጠዋት ጀምሮ ከእትዬ አልማዝ ቮልስ ሥር ነኝ። ዝናቡ ጋራዤ ያለበትን ሰፈር፣ ቡኮቶን፣ ጭቃ በጭቃ አድርጓታል፣ የተኛሁበት ካርቶን ሳይቀር ረጥቧል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ሳራግፍ ስንጥቅ አገኘሁ። የፊት እግሮቿን በሚይዘው ቱቦ ላይ፣ ልክ አምና ለፋሲካ እኔው በበየድኩት መስመር። ጥፍሬ ይገባበታል።

ደብተሬ፣ አንቺን አልዋሽም። ያ ቱቦ እንደማይበየድ ያኔም አውቅ ነበር። እትዬ ለበዓል ቤተ ክርስቲያን በምን ልሂድ አሉኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ። በየድኩ፣ ቀለም ቀባሁ፣ ምንም አይላት አልኩ። ሰባ ዓመት ላለፋቸው ሴትዮ።

ረዳቴ ሙሶኬ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ አጎንብሶ አየ። ስምንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሮሌክሱን፣ በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላሉን፣ እየገመጠ ይሄ ብየዳ ሰው ይገድላል አለ። ዝም በል አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 6። ከሰዓት

ኮሎሎ፣ እትዬ ቤት ሄድኩ፣ ልነግራቸው። አልነገርኩም።

ሽሮ አቀረቡልኝ። ባላቸውን ጋሽ መኮንንን አነሱ፣ ነፍስ ይማር። ከአዲስ አበባ በሞያሌ፣ ናይሮቢን አልፈው እዚህ ያደረሷቸው በነዚሁ እግሮች ነው። የፊት እግሩ ቢቀየርስ ብዬ በሩቁ ነካ አደረግሁ። ሌላው ሌላው ይቀየር፣ እሱ ግን እንደ ተሠራ ይቆይ አሉ፤ የባዕድ ዕቃ አይግባባት። ራሴን ነቀነቅሁ። ይሄ አንገት ለመነቅነቅ ብቻ ነው የተሰጠኝ።

ከዚያ ባሰ። እሑድ የእህታቸው ልጅ ሕፃኗን ክርስትና ታስነሳለች፤ ሰማንያ ቀኗ ነው፣ አይተላለፍም። ክርስትና እናቷ እትዬ ናቸው። እናትና ልጅን በቮልሷ ጭነው፣ ራሳቸው እየነዱ ሊሄዱ ነው። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ አሉ። እሺ አልኩ። እየሰማሁት ነው እሺ ያልኩት።

ዓርብ፣ ጥቅ. 8

ሙሶኬ ከካትዌ የመለዋወጫ ገበያ ሙሉ የፊት እግር በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ አስጭኖ መጣ። ከኋለኛ ዘመን ቮልስ የወጣ፣ ደህና ዕቃ። ማን ላከው? ጥግ ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራው ሄደ። ተናደድኩበት። የተናደድኩት ልክ ስለሆነ ነው።

ከሰዓት የብየዳ መነጽሬን አደረግሁ። አንዴ ብቻ፣ ለእሑድ ብቻ። የብየዳውን እሳት ሳልለኩስ ብዙ ቆምኩ። ቁልቁለቱ፣ ሕፃኗ፣ የእትዬ ቀጫጭን እጆች። መነጽሩን መልሼ አወለቅሁ። ፈራሁ፣ ሌላ ምንም አይደለም። እንቅልፍም የለኝም ሰሞኑን።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 9። 10 ሰዓት

መጡ። ገና ሳይቀመጡ እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ። አልሰጥም አልኩ። ከዚያ መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስንጥቁን፣ ብየዳውን፣ ምንም አይላት ማለቴን።

የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ። ከዚያ፣ አውቃለሁ አሉ።

ከፋሲካ ወዲህ ቁልቁለት ላይ ወደ ግራ ትጎትታለች። መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እመብርሃንን እየጠሩ ነው የሚወርዱት። ለምን አልነገሩኝም? በዓሉን ትቶ የሠራልኝን ልጅ ሥራህ ተበላሸ ብዬ እንዴት ላሳፍረው ብለው።

ስድስት ወር። እኔ እሳቸውን አፍሬ፣ እሳቸው እኔን አፍረው። ለሙሶኬ ወሬው ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነገርኩት፤ እሱም ሁለታችንን እንደ እብድ አየን።

"ያቺን ሕፃን በዚህ ልጭናት ነበር?" አሉ እትዬ፣ ጮክ ብለው። ቁጣው በኔ ይሁን በራሳቸው አልለየሁም። ወደ ጥጉ ሄዱ፣ የካትዌውን እግር በጃንጥላቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ፣ ግጠመው አሉ። መኮንን ቢኖር ሁለታችንንም ነበር የሚገርፈን። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ ጨርቅ የምፈልግ መስዬ ዞርኩ።

ለነገ አትደርስም። በኔ ፒክአፕ አደርሳቸዋለሁ።

እሑድ፣ ጥቅ. 10። ከሰዓት

ክርስትናው አለቀ። ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት። ወለተ ማርያም ተባለች። እኔም ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ።

አንድ ነገር ልጻፍና ልተኛ። ጠዋት ስንሄድ እናትና ልጅ ከኋላ፣ እትዬ ከጎኔ ናቸው። የኮሎሎን ቁልቁለት በቀስታ እየወረድኩ ነው። እትዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ እኔ አየት አደረጉ፣ ተዉት። እንደገና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ግርማ፣ ፍሬንህ ይጮሃል አሉ።

ይጮሃል። ወር ሙሉ ሰምቼዋለሁ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ። እውነትዎን ነው አልኩ። ቀና ብለው ተቀመጡ፤ ደግሞ መኪናህ ዘይት ዘይት ይሸታል አሉ።

ነገ ጠዋት ከሙሶኬ ጋር የቮልሷን የፊት እግር እንቀይራለን። መጀመሪያ ግን የኔን ፍሬን።