ዝናቡ ሾርባው ውስጥ ሲገባ

ጋሼ፣

የመጀመሪያውን አውቶቡስ የማወጣው እኔ ስለሆንኩ እስክትነቃ መጠበቅ አልቻልኩም። ብቀሰቅስህም እንደ ትናንቱ እንጣላለን። ወረቀቱን ጫማህ ውስጥ የከተትኩት እንዳይረጥብ ነው።

የሳል ሽሮፑ መስኮቱ ላይ ነው። ሾርባው ምድጃው ላይ አለ፣ አሙቀው።
ቤት ውስጥ ብላው።

ለዳስ በዓል በረንዳው ላይ ዳሱን አብረን ሠራን፣ ጣሪያውን ቅጠል አለበስን፣ ኮከብ እንዲታይ ክፍተት ተውን። ደግ። በዚያው ክፍተት ግን ዝናቡ ሲወርድብህ አደረ። መሐረብህን ሳጥብ ደም አይቻለሁ። ከሥራ ስመለስ ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ እምቢ ማለት የለም።

በዳስ መብላትና ማደር ግዴታ ነው፣ ሕግ አታውቂም አልከኝ። እሺ፣ አላውቅም። የምኩራባችንን ረቢ ጠየቅኩ። ዝናቡ ሾርባ እስኪያበላሽ ከዘነበ ከዳስ ይወጣል፣ የታመመ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ነፃ ነው አለኝ። የደስታ በዓል ነው እኮ፣ ሰው የሚሞትበት አይደለም። ከአንተ ሌላ ማን አለኝ?

ቤት የማትገባበትን ምክንያት አውቃለሁ። የጥንት አባቶች በእንግድነት እንዲመጡ በዳስ ውስጥ ባዶ ወንበር ይቀመጣል፤ አንተ ያስቀመጥከው ግን የአባባን ነው። ስታወራው እሰማለሁ። ትናንት ስለ ወንበሩ ያልኩህን...
ተወው።

ወንበሩን አስገብቼ አልጋህ አጠገብ አድርጌዋለሁ። አትቆጣ። ልጆች ሆነን ዝናብ ሲጀምር ሳህኑን አንስቶ "ኑ ግቡ" እያለ ቀድሞን የሚሮጠው እሱ አልነበረም?

እሱ ገብቷል ጋሼ። በሞቴ፣ አንተም ግባ።