ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ካርዶች

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል
መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። የኔ ላፕቶፕ ባትሪ አይዝም። ከሀያት ጎን ተለጥፌያለሁ። የፕሮጀክት ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ በሥራ ሲዛወሩ ከደሴ አብራቸው የመጣች፣ ኮድ የሚታዘዝላት። እኔ የሉማሜ ልጅ፣ ኮሌጅ እስክገባ ኮምፒውተር ነክቼ የማላውቅ።

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ደስ ብሎኛል። ለጤና ጣቢያው የሠራነው ድረ ገጽ የታካሚ ስም ሲጻፍለት የካርዱን ቁጥር ያወጣል። የካርድ ክፍሉ ጋሽ ይልቃል በሁለት ጣት እየለቀሙ 612 ካርድ አስገብተዋል። ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። የፊታችን ሰኞ ለመ/ር ዳዊት እናቀርባለን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። 8 ሰዓት
አጠፋሁት።

ለሙከራ ያስገባሁትን አንድ የውሸት ስም ከዳታቤዙ ልሰርዝ ነበር። ትእዛዙን ጻፍኩ። የትኛውን እንደሚሰርዝ የሚነግረውን መስመር ረሳሁ። ተጫንኩት። 613 ተሰርዟል አለኝ። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ባዶ። መ/ሩ በየቀኑ ቅጂ ያዙ ብለው ነበር። የኔ ቅጂ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። 40 ስም።

11 ሰዓት
ለሀያት ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ እሱ ባሰኝ። ቆይታ፣ ስም እየፈጠርን እንሙላው አለች። መ/ሩ ታካሚዎቹን በምን ያውቋቸዋል? አለች። ክፉ ሆና አይደለም። ይህን ኮርስ ካላለፈች ዘንድሮ አትመረቅም። እሺ ልላት ጥቂት ነው የቀረኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ጠዋት
ጋሽ ይልቃል ደወሉ። ገጹ ስም አላወጣ ብሏቸዋል። ኔትወርክ ነው፣ ይስተካከላል አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ» ብለው ዘጉ። ማመናቸው አንገበገበኝ።

አርብ፣ ግንቦት 8። 6 ሰዓት
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቷል። ይህን አላውቅም ነበር፤ ጋሽ ይልቃል ድሮ በፊደል ተራ የነበረውን መደርደሪያ በኛ ቁጥር መልሰው ደርድረውታል። አሁን ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ካልነገራቸው ካርዱ የት እንዳለ አያውቁም። አንድ በአንድ እያገላበጡ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ወገቧን ይዛ ቆማለች። ከማለዳ ጀምሮ።

ገባሁ። «ኔትወርክ አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ የሰረዝኩት። በስህተት። ሁሉንም።»

እጃቸው ካርዱ ላይ ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ትናንት ብትነግሪኝ ትናንት እንጀምር ነበር» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከታችኛው መደርደሪያ ተንበርክኬ የሴትዮዋን ካርድ አብሬ ፈለግኩ። አርባ ደቂቃ። ተገኘ። ስትቀበለኝ አመሰገነችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ካርድ ክፍል
እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። 4 ሰዓት ላይ ሀያት ሳትጠራ መጣች፣ ላፕቶፗን ታቅፋ። ስለ ውሸት ስሞቹ እሷም አላነሳች፣ እኔም። በየሃምሳው ቅጂ ትይዛለች። መብራት ሁለቴ ሄደ። እስከ ማታ 230። ጣቴ አብጧል።

ጋሽ ይልቃል ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው መሃላችን ወረቀት ላይ አፈሰሱ። ብሉ አላሉንም። በላን።

እሑድ፣ ግንቦት 10። 10 ሰዓት
431 ደረስን። ነገ ሰኞ፤ የሳምንቱ ረጅም ሰልፍ። ነገ ደግሞ ማቅረቢያችን ነው፣ በዚያው ሰዓት።

ለመ/ር ዳዊት ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ፣ ነገ ካርድ ክፍል መዋል እንዳለብኝም ነገርኳቸው። ሀያት ብቻዋን ማቅረብ ትችላለች፣ ያልተገኘ ግን የማቅረቢያውን ነጥብ አያገኝም፣ ለማንም ቀይሬ አላውቅም አሉ። 30 ነጥብ። ያለሱ ላልፍም ላላልፍም እችላለሁ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሕጋቸው ነው።

ሀያት ፈርታ አየችኝ። የሰረዝኩት እኔ መሆኔን ለክፍሉ እንድትናገር፣ ስሜን ጠርታ፣ እንዴት እንደሆነም እንድታሳይ ነገርኳት። እነሱም እንዳይደርስባቸው። እሺ አለች።

181 ቀርቷል። ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካርድ ክፍል እገባለሁ።