ቁልቁለቱን የሚወርድ ሞተር

ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? ሕፃኑስ እንዴት ነው? ጥርስ አበቀለ ሲሉ ሰማሁ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

አራት ዓመት አልጻፍኩልሽም። ባልሽ ሽማግሌ ሳይልክ ወሰደሽ፤ በእኛ ወግ ደግሞ እንዲህ ያደረገ አማች በግ ነድቶ ካልመጣ የልጅቱ አባት የአማቹን ደጅ አይረግጥም። በጉም እስካሁን አልመጣም። ባልሽ ልክ አልሠራም። ዛሬም ይህንኑ እላለሁ።

አሁን የምጽፍልሽ ሌላ ነገር ነው። ዝናቡ ወደ ቶት የሚያወርደውን መንገድ ከናደው ወዲህ መኪና ወደ እናንተ አይወርድም። በእግሬ እንዳልሞክረው ጉልበቴ እምቢ አለ። ስለዚህ ቀዩን ወይፈን ሸጬ ያገለገለ፣ ጭቃና ዳገት የሚችል ሞተር ብስክሌት ገዛሁ።

ካፕሶዋር ገበያ ስደርስ የሞተር ነጋዴው ቸላንጋ አንዱን ሞተር በጨርቅ ይወለውላል። «አባባ፣ ይሄ በአንድ ርግጫ ነው የሚነሳው» አለኝ። እጄን ባሳርፍበት ትኩስ ነው። የላም ነጋዴ ሳያልባት አሳድሮ፣ ጡቷን ወጥሮ ገበያ እንደሚያወጣት ታውቂያለሽ። ይሄም ቀድሞ አሙቆታል። «ሳትነካው አሳድረው፤ ነገ እመጣለሁ» አልኩት። «ሞተር እኮ ነው፣ ሙሽራ አይደለችም!» ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ በጠዋቱ ብርድ አሥራ አንድ ጊዜ ረገጠው፤ አልተነሳም። ከጓሮ ያቆመውን፣ ቀለሙ የተላላጠውን አስወጣሁት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ ግን በሁለተኛው ርግጫ ተነሳ። እሱን ወሰድኩ።

በግራ እጅ ተይዞ ቀስ እያለ የሚለቀቀውን ፍሪሲዮን ያስተማረችኝ በሞተር የምትዞረው የከብት ሐኪም ጄሮፕ ናት። ስለቀው ሞተሩ ሦስት ጊዜ ዘሎ ጠፋብኝ። በአራተኛው ተፈተለከ። እኔ የማውቀው በሬ ሲያስቸግር ገመዱን ወደ ራስ መሳብ ነው፤ መሪውን ወደ ራሴ ሳብኩት። ለካ እንዲያ ሲሳብ እጀታው ተጠምዝዞ ነዳጅ ይጨምራል! «ቁም!» እያልኩ የጎረቤታችንን የኪቦርን በቆሎ መሃል ለመሃል ሰነጠቅኩት። ኪቦር ከአጥሩ ሆኖ «አንተ ሽማግሌ፣ ይሄ በሬህ ጆሮ የለውም እንዴ?» አለኝ።

ጄሮፕ አልሳቀችም። «አባባ፣ ጥጃ ወደ እናቱ ስትሰድ ገመዱን በአንዴ ነው የምትለቀው?» አለችኝ። አይደለም። ቀስ እያልኩ ነው፤ መሳቡ እጄ ላይ ሲሰማኝ ቆም አድርጌ እይዘዋለሁ። ፍሪሲዮኑንም እንደዚያው ለቀቅኩት፤ ከዚያ ወዲህ ሞተሩ አንድም ጊዜ አልጠፋብኝም። በዘጠነኛው ቀን የቼሶይን ዳገት ወጥቼ ወረድኩ። በሰባ አንድ ዓመቴ! ከእኩዮቼ ይህን ያደረገ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወደ ቶት እወርዳለሁ። ማር ልገዛ ነው። እናትሽ «ማር እዚህስ ጠፍቶ ነው?» ትላለች። የቆላው ይሻላል። በቅል ያረጋችውን ወተትም ለልጁ ብላ አስራልኛለች፤ መንገዴ ስለሆነ እንጂ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ይህ ሞተር ቁመተ ረጅም ነው፤ ስቆም እግሬ መሬት በደንብ አይነካም። እዚህ የምቆመው የድንጋይ ካብ ተደግፌ ነው። የእናንተ አጥር የእሾህ ነው ብለውኛል። እንግዲያው ባልሽ ከደጅ ይቁምና ይያዘኝ።

ላማችሁ አትንጠፍ። ልጁ ይደግ። የባልሽም ክንድ ይበርታ።

አባትሽ