ሩሐማ ሰኞ ትመጣለችና ይዘጋጁ

ለክቡር ዶክተር ዘርአይ
የዋርካ ሜዳ ካምፓስ ዲን
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ? ካምፓስዎ ክሊኒክ እስኪከፈትለት ድረስ የማንም ሰው ጤና ቀልድ እንዳልሆነ ስለተረዳሁ፣ ይህን ሰላምታ ለወጉ ያህል ሳይሆን ከልቤ እንዳቀረብኩት ይቁጠሩልኝ።

ጀማነሽ ቀለመወርቅ እባላለሁ። የምኖረው ካዛንቺስ፣ ከፈረሳው በተረፈው በኩል ሲሆን፣ የምሠራው ሰንጋ ተራ በሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በማርቀቅ ነው። ልጄ ሩሐማ ብዙዎች የወደቁበትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልፋ፣ ምደባዋ እርስዎ ከሚመሩት አዲስና ትንሽ ካምፓስ ሆኗል። ጥሪውም ደርሶናል፤ ሰኞ ያልተመዘገበ ተማሪ ቦታውን ያጣል ይላል። «ትሂድ» እና «ትቅር» በሚል ቤታችን ለሁለት ተከፍሎ ስለሰነበተ፣ የተከራከርንባቸውን ነጥቦች ክቡርነትዎ ቢያውቋቸው አይከፋም ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

፩. በቴሌግራም ገጻችሁ የለጠፋችሁትን የቤተ መጻሕፍት የንድፍ ሥዕል ቤተሰቡ በሙሉ አድንቆታል። በተለይ አንዲት ሴት ሕፃን በጋሪ እየገፋች በፏፏቴ ዳር የምታልፍበት ቦታ ልብ ይነካል። ይሁን እንጂ የጎረቤታችን ልጅ ሰብሊ እዚያው ካምፓስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ በመሆኗ ደውለን ብንጠይቃት፣ «ላይብረሪው አለ እኮ፣ ማለቴ ሕንጻው አለ። መጽሐፎቹ ካርቶን ውስጥ ናቸው፣ ሼልፍ እስኪመጣ። እኛ ካርቶኖቹ ላይ ቁጭ ብለን ኖታችንን እናነባለን በቃ» አለችን። ተማሪና መጽሐፍ ይህን ያህል የተቀራረቡበት ሌላ ተቋም በአገሪቱ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪. ሩሐማ መማር የምትፈልገው የሕክምና ላብራቶሪ ነው። ትምህርት ክፍሉ ይከፈት እንደሆነ ሬጅስትራር ደውዬ ስጠይቅ፣ ስልኩን ያነሱት ትሁት ሰው በቂ ፈላጊ ከመጣ እንደሚከፈት ነገሩኝ። ፈላጊዎቹ ታዲያ ለምን አልመጡም ብላቸው «እነሱም እንደ እርስዎ ይከፈታል ወይ እያሉ እየደወሉ ነው፣ እመቤቴ» ብለው አስረዱኝ። በመጨረሻም ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን ገለጹልኝ። እኔ ይህን ሐረግ በሥራዬ ምክንያት በየቀኑ ስለምጽፈው፣ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ሰው እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

፫. ይህኛው እኛን ራሳችንን የሚመለከት ቢሆንም እርስዎንም ሳያኮራ አይቀርም። ሕመም ያለበት ተማሪ ማስረጃ ካቀረበ አዲስ አበባ እንደሚመደብ ያውቃሉ። ወንድሜ ፍሰሃም «ትቅር» ከሚለው ወገን ስለሆነ፣ ሩሐማን አስም ሊያሲዛት ወሰነ። ነገሩ እውነት እንዲመስል አስቀድሞ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ሰፈሩም አመነ። የቅርጫት ኳስ ጓደኞቿ ከሜዳ አስወጥተው ጥላ ሥር አስቀመጧት፤ ጎረቤታችን እትዬ መብርሂት ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ማለዳ ማለዳ እያመጡ፣ እስክትውጥ ድረስ ከበሩ አልነቃነቅ አሉ። ፍሰሃ ደግሞ ማታ ማታ ሳል ያለማምዳታል፦ «ከጉሮሮሽ አይደለም፣ ከደረትሽ! መጨረሻው ላይ ፉጨት ጨምሪበት እንጂ፣ ምነው አንቺ ልጅ!»

ልጄ አንድ ማታ ሳሉን መሀል ላይ አቋርጣ ሳቀች። ቀጥላም፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ የሰው ደም መርምሬ ያለበትን የምናገር ሰው ልሆን ነው። በሌለብኝ በሽታ ልጀምር?» አለችው። ፍሰሃም ሳይረታ፣ «እዚያ ሄደሽ ለአንድ ባልዲ ውሃ ስትሰለፊ ያለብሽን ታገኚዋለሽ» ብሎ መለሰላት። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር ሳሉ እንዲሳካ እየተመኘሁ ነበር። በማግስቱ እትዬ መብርሂት ማሩን ይዘው ሲመጡ፣ ሩሐማ በር ላይ ተቀብላ ምንም እንዳላመማት በግልጽ ነገረቻቸው። እሳቸውም፣ «እሰይ፣ ተመስገን! ያንን አጎትሽን ግን እኔ አገኘዋለሁ። ማሩ ለመንገድ ይሁንሽ» ብለው ሄዱ። ጤነኛ ልጅ አሞኛል ብላ የምትሸሸው ካምፓስ ማቋቋም ቀላል ሥራ አለመሆኑን ግን ሳልመሰክር አላልፍም።

፬. ውሃውን በተመለከተ የሰብሊ ቃል ከወንድሜ ቃል ጋር ስለሚስማማ ምንም አልጨምርም።

ክቡር ዶክተር፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ውሳኔያችንን ሳሳውቅዎ ደስታ ይሰማኛል። ሩሐማ ሰኞ ትመጣለች። የምትመጣው ተገዳ፣ ወይም ሌላ አጥታ አይደለም፤ በፈተና ያገኘችው ቦታ የራሷ ስለሆነ ነው። ብቻዋንም አይደለችም። ወደ ሬጅስትራራችሁ እየደወሉ «ይከፈታል ወይ» ሲሉ የነበሩትን ልጆች በቴሌግራም እየፈለገች አግኝታቸዋለች፤ ከነቀምት ዋቅጅራ የሚባል ብርቱ ልጅም አብሯት ሲያሰባስብ ከርሟል። ሁሉም በአንድ ቀን ሊገቡ፣ አንድ ላይ ሆነው ቢሮዎ በር ላይ ሊቆሙ ተስማምተዋል። ፈላጊ ጠፋ ብለው ሲጨነቁ ስለከረሙ፣ ይህ ዜና እፎይታ እንደሚሰጥዎ አልጠራጠርም።

እኛ ወላጆች ደግሞ በየተራ እንደውላለን። በሥራ ሰዓት፣ በትሕትና፣ ሳንሰለች። እኔ በበኩሌ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶና አበባ በምን ፍጥነት እንደሚተከሉ ካዛንቺስ ውስጥ በመስኮቴ ስላየሁ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ዓመታት ይፈጃል የሚለኝን ሰው ለማመን እቸገራለሁ። አበባ የሚያጠጣ ቦቴ ባለበት አገር የዶርም ውሃ ምሥጢር ሊሆንብኝም አይችልም። ልጄ ትንሽ ካምፓስ አትፈራም፤ አዲስ ካምፓስም አትፈራም። ትንሽና አዲስ መሆን ነውር አይደለም። ባዶ አድርጎ ጥሪ ማውጣት ግን ነውር ነው፤ ይህን በጨዋ አማርኛ የምጽፍበት ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ፏፏቴውም ጭምር እጅ እየነሳሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ስልክዎም ክፍት እንዲሆን ከልብ የምመኝ፣

አክባሪዎ
ጀማነሽ ቀለመወርቅ
የተማሪ ሩሐማ እናት
ካዛንቺስ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት ልባችን ሲዋልል፣ ኦሎምፒያ አካባቢ ወዳለ አንድ የግል ኮሌጅ ዋጋ ልንጠይቅ ሄደን ነበር። ከፊታችን ሴት ልጃቸውን ያስመዘግቡ የነበሩ አባት የሥራ ቦታቸውን ሲጠየቁ «የዋርካ ሜዳ ካምፓስ ዲን» ብለው ጮክ ብለው ሲመልሱ ሰማን። ሩሐማ እጄን ይዛ «እማ፣ በይ እንሂድ» አለችኝ፤ ከሰልፉ ወጣን። አልተቀየምንም፤ ወላጅ ነዎት። እንግዲህ የእርስዎ ልጅ እኔ ሰፈር፣ የእኔ ልጅ እርስዎ ግቢ መሆናቸው ነው። የእርስዎ ልጅ ምንም ቢቸግራት ቤቴ ከኮሌጁ ሩቅ አይደለም፤ ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ መጽሐፎቻችንም መደርደሪያ ላይ ናቸው። የእኔንም ልጅ እንዲሁ ይያዙልኝ።