ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይታሽም

ውድ እታለም፣

አስቀድመሽ ቁጭ በይ። ማንም አልሞተም፣ ማጠቢያ ማሽኑም አልፈነዳም። ግን ዛሬ ልብስ ማጠቢያ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ሳልነግርሽ ካደርኩ የምፈነዳው እኔ ነኝ! ቅድም በስልክ ያወራነው ስለ እድፍ ብቻ ነበር። አምስት ወር ተኳርፈን ከርመን፣ ስለ እድፍ ሦስት ደቂቃ አውርተን ዘጋነው። ይገርማል እኮ! የቀረውን ይኸው በወረቀት።

ጠዋት አንዲት እናት አንድ ሻንጣ አቅፋ ገባች። ቅዳሜ ልጇን ትድራለች። ልጅቷ የምትለብሰው ደግሞ እናቲቱ ራሷ የተዳረችበትን ቀሚስ ነው። ስታወጣው ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ! «ሳስቀምጠው እንደ ወተት ነጭ ነበር፤ እምላለሁ» አለችኝ። ቀጥላም «እዚህ ቤት የማይለቅ እድፍ የለም ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች። ያሏት ስላንቺ እንደሆነ ጠፍቶኝ መሰለሽ? እኔ ግን አፌን ሞልቼ «ምን ችግር አለው!» አልኳት።

እግሯ እንደወጣ ሻምበል «ለእህትሽ ደውይላት» አለኝ። ካውያው ጀርባ እንደ ዘብ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ያወጣሽለት ስም ዛሬም አብሮት አለ።

«አልደውልም።»

«እንግዲያ ለማን ልትደውዪ ነው? ለቀሚሱ?»

ኩራቴን ታውቂዋለሽ። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ኢንተርኔት ውስጥ እድፍ ማስለቀቂያ ፍለጋ ገባሁ። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስዘል «ማንኛውንም እድፍ የሚያስለቅቁ መቶ ምስጢሮች፤ በነጻ ያውርዱ» የሚል አገኘሁ። መቶ ምስጢር በነጻ! ተጫንኩት።

በስክሪኑ ጥግ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። «አደገኛ ፋይል ተገኝቷል» ትላለች። ጸረ-ቫይረሳችን ናት። አንብቤ ሳልጨርስ ገጹ ራሱ እሳት መስሎ ስክሪኑን ሞላውና መጮህ ጀመረ። «ኮምፒውተርዎ ተበክሏል! እንዳያጠፉት! አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይደውሉ!»

እታለም፣ ዞሬ ልብሶቹን አየሁ። መስቀያው ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ልብስ ተንጠልጥሏል። የዚያው ሰርግ የሙሽራውና የሚዜዎቹ ሙሉ ልብስ ሳይቀር! ሁሉም አንገታቸው ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የተጣላነውስ የደንበኞቹን ስም ከደብተርሽ ወደ ኮምፒውተሩ ሳዛውር አይደል? «ማሽን ይታመማል፣ ደብተር አይታመምም» ስትዪኝ ስቄብሽ፣ ጭራሽ «ደብተርሽን መጠቅለያ አድርጌዋለሁ» ብዬሽ፣ ሽርጥሽን ሰቅለሽ የወጣሽው። ዛሬ ያ ዝርዝር ቢጠፋ የማንን ሱሪ ለማን ልሰጥ ነው? ቅዳሜ ሙሽራው በሰው ኮት ሊቆም?

የኮምፒውተሩን ገመድ ልነቅል እጄን ስሰድ ከጀርባዬ የሻምበልን ድምፅ ሰማሁ። ገጹ ላይ ወዳለው ቁጥር በራሱ ስልክ ደውሎላቸዋል!

«እንዴት ያለ ትሁት ሰው መሰለሽ! 'ጌታዬ' ይለኛል! ቤታችን ሳይመጣ ከዚያው ሆኖ ላጽዳላችሁ ነው የሚለው።»

ስልኩን ተቀበልኩት። ሰውዬው ድምፁ ማር ነው። «እመቤቴ፣ አይጨነቁ። የምልከውን ማያያዣ ይጫኑና ኮምፒውተርዎ ውስጥ ልግባ፤ በአሥር ደቂቃ አጸዳዋለሁ።»

ልጫነው ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ። ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር። ግን ጆሮዬ ላይ አንቺ ጮኽሽብኝ። ሥራ ባስጀመርሽኝ ሰሞን ያን ሐር ሸሚዝ ሳሽ ደርሰሽብኝ «ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አይታሽም! ምን ነክቶት ነው ብሎ ሳይጠይቅ አጸዳለሁ የሚል አጣቢ ካገኘሽ ልብሱን ነጥቀሽ ሩጪ» ያልሽኝ ትዝ አለኝ።

ይሄ ሰውዬ ምንም አልጠየቀኝም! ምን እንደከፈትኩ፣ ምን እንዳየሁ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ!

«ወንድሜ፣ ኮምፒውተሬን ምን ነክቶት ነው የምታጸዳው?» አልኩት።

«ቫይረስ ነዋ፣ እመቤቴ።»

«የትኛው?»

ወዲያው ማሩ ድምፅ ሬት ሆነ። «ካልፈጠንሽ ሁሉም ይጠፋል!» ብሎ ጮኸብኝ። ከ«እመቤቴ» ወደ «አንቺ» በአንድ ትንፋሽ! ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ሻምበል ስልኩን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እንደ ሞተ አይጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ቶሎ ብዬ ማዶ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ደወልኩ፤ ያ ሰላምታ የማያውቀው ፊቱ ጭፍግግ ያለው። የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር መሰለሽ? «ምን ይላል? ቃል በቃል አንብቢልኝ።» እዚህ ላይ ልቤ መለስ አለ።

ሁለቱንም ጽሑፍ አነበብኩለት፤ የስልኩን ሰውዬ ነገርም ነገርኩት።

«ትንሿ የራስሽ ዘበኛ ናት። የሚጮኸው ግን ገጹ ነው፤ ሌባ 'ሌባ!' እያለ ሲሮጥ አይተሽ አታውቂም? ገጹ ላይ ያለ ምንም ነገር አትንኪ፤ 'ዝጋ' የሚለውንም ጭምር።»

«ታዲያ በምን ልዝጋው?»

«ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኚ። ከሚመጣው ዝርዝር ብራውዘሩን መርጠሽ ግደዪው። ኋላ ስትከፍቺው 'የቀድሞውን ገጽ ልመልስ?' ካለሽ እምቢ በይ።»

እንዳለኝ አደረግሁ፤ የገጹ ጩኸት ጸጥ አለ። ምን ዓይነት ጸጥታ መሰለሽ! የካውያው እንፋሎት ሲተነፍስ ሰማሁት።

«አሁን ጸረ-ቫይረሱን ራሱን ክፈቺና ታሪኩን እዪ። ፋይሉን ምን አደረግሁት ይላል?»

«'ታግዷል፤ ተገልሎ ተቀምጧል።'»

«በር ላይ ተይዟል ማለት ነው። ግን አትዘናጊ። መጀመሪያ አድሺው፣ ከዚያ ሙሉ ፍተሻ አስጀምሪው። ሰውዬው ያስጫነሽ ነገር አለ? የይለፍ ቃልስ ነግረሽዋል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ጎበዝ። ቢኖር ኖሮ ኢንተርኔቱን አስቆርጬ የይለፍ ቃልሽን ሁሉ ከሌላ ስልክ አስቀይርሽ ነበር።» ይህን ብሎ ዘጋ። ደህና ዋይ የለ፣ ምን የለ።

ፍተሻው ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሻምበል ካውያውን አጥፍቶ አጠገቤ ቆመ። ደንበኛ ሲገባ ሁለታችንም «ሽሽ!» እንላለን፤ የታመመ ሰው የተኛ ይመስል። ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ቆመ። «ሞተ» አለ ሻምበል። «አፍህን ያዝ!» አልኩት። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ! የተገኘ ስጋት አንድ፤ ያው የተያዘው፤ ሌላ ምንም የለም። ፋይሉን አጠፋሁት። ዝርዝሩን ከፈትኩ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ስም ከነቁጥሩ ቁጭ ብሏል! ሻምበል የሙሽራውን ኮት አቅፎ እንደ ዳንሰኛ ዞረ፤ እኔም ኩራቴን ረስቼ አብሬው ዞርኩ።

ዝርዝሩን ወዲያው ፍላሽ ላይ ገለበጥኩና ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ነው ላንቺ የደወልኩት። ገና «እታለም፣ አንድ ነጭ ቀሚስ ላይ እድፍ...» ስልሽ፣ «ደህና ነሽ» ሳትዪ፣ «የት ከረምሽ» ሳትዪ፣ «ምን ነክቶት ነው? ጠርዙ ጠቁሯል?» አልሽኝ። እንባዬ ለምን እንደመጣ አሁን ገባሽ?

ልክ ነበርሽ። ጣፋጭ ነገር ነው ያልሽው፣ ሲፈስ የማይታይ፣ ዓመታት ሲቆይ ቡናማ የሚሆን። ለእናቲቱ ደውዬ ስጠይቃት «ባለቤቴ የሰርጋችን ዕለት ለስላሳ ደፍቶብኝ ነበር! ውሃ መስሎኝ!» ብላ ሳቀች። ለብ ባለ ውሃና በነጭ ኮምጣጤ፣ ጫፉ ላይ ሞክሬ፣ ሳላሽ፣ ነካ ነካ አደረግሁት። አሁን ይህን ስጽፍልሽ ነጭ ሆኖ ፊት ለፊቴ ተንጠልጥሏል።

በስልክ ያልወጣልኝ ደግሞ ይኸው። ደብተርሽን መጠቅለያ አላደረግሁትም። ዋሽቼሽ ነው፤ እልህ ይዞኝ። ከቁልፎቹ ሣጥን ሥር፣ በነጭ ጨርቅ እንደጠቀለልኩት አለ። ዛሬ አወጣሁትና ሁለት መቶ አሥራ አራቱን ልብስ አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኩበት፤ «ፊደልሽ ጉንዳን ነው» ብሎ ሻምበል እስኪስቅብኝ ድረስ። ኮምፒውተሩም ይሠራል፣ ደብተሩም ይኖራል። የመጨረሻው መስመርሽ ሥር የጀመርኩት በሙሽራዋ ቀሚስ ነው። «ማን አስለቀቀው» በሚለው ዓምድ ላይ ያንቺን ስም ጻፍኩ። ፊርማው ግን ባዶ ነው፤ በሌላ ሰው እጅ አይፈረምም ያልሽው አንቺ ነሽ።

ሽርጥሽን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ቁጥር አላደረግሁበትም፤ የማን እንደሆነ ይታወቃል።

ግትሯ ታናሽሽ