ሲመሽ ሁለት የሚሆን መስመር

ጥር 20 ቀን 1974
ለማንም ያልነገርሁት... ሲመሽ ሁሉ ነገር ሁለት ይሆንብኛል። ዛሬ ገብስ ስለቅም ጠጠሩ ሁለት ሆኖ የቱን እንደማነሳ ጠፋኝ። ግራ ዓይኔን ስከድን አንድ ይሆናል። ጠዋት ደህና ነኝ። ምን ይባላል ይሄ?

ጥር 24
ጎረቤቴ ጌጤ የዓይኔ ቆብ መውረዱን አየች። "እትዬ አሰለፈች፣ ያንን ዓይን ያንሱት፤ ሽማግሎቹ ጠቀሰችን እንዳይሉ!" ሳቅሁ።
ማታ አማቴ ትዝ አሉኝ። ዓይናቸው ጠፍቶ "ዳዊት የሚደግምልኝ አጣሁ" ሲሉ አጠገባቸው ጥጥ እፈትል ነበር። ተደብቄ ፊደል መቁጠሬን ባሌም አያውቅ። ሴት ተማረች እንዳይሉኝ ዝም አልሁ። ሳይሰሙ አረፉ። የዓይኔ ነገር የሳቸው ዋጋ ይሆን?

ጥር 30
ጎንደር፣ ሐኪም ቤት። "ጣሪያውን ይዩ፣ ዓይንዎን አይክደኑ" አለኝ ሐኪሙ። ቆቡ ቀስ እያለ ወረደ። "ዓይንዎ ጤነኛ ነው። ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ነው ቶሎ የሚደክመው።"
"ይድናል?"
"በክኒን ይታገዛል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ እንዳያቋርጡ፤ ድካሙ ወደ ጉሮሮም ይወርዳል።"

የካቲት 15
ጾም ገባ። ክኒን በማለዳ ውጦ ምን ጾም አለ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልነካውም። ለአማቴም ካሳ ይሁን።

የካቲት 23
ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ውኃው በአፍንጫዬ ተመለሰ። ፈራሁ። ጌጤ ሮጣ የንስሐ አባቴን ቄስ ገብረኪዳንን ጠራች፤ ክኒን መተዌንም ነገረቻቸው።
"ክኒኑን ለምን ተውሽ?"
"ጾም ነው፣ አባ።"
"መድኃኒት እኮ ነው! ማን ከለከለሽ?"
የአማቴን ነገር ሳላስበው አወጣሁት። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። "ዕዳሽ በመታነቅ አይከፈልም። ጠዋት ዋጪ። ካሳ ካማረሽ ለሰው አንብቢ።"

መጋቢት 12
ክኒኑን በማለዳ እውጣለሁ። እስከ ቀትር ዳዊት አነባለሁ። ገበያ ስወርድ ግራ ዓይኔን በነጠላ ጫፍ እሸፍናለሁ፤ የመንገዱ ቦይ አንድ ብቻ ይሆናል።
ጌጤ ከመሠረተ ትምህርት ስትመለስ ትመጣለች። አስነብባታለሁ።

ሚያዝያ 14
አሁን ማታ ማታ ዳዊት የምታነብልኝ ጌጤ ናት፣ ፊደል እየነጠለች። ዓይኔን ጨፍኜ አርማታለሁ።
"እትዬ፣ ተኙ እንዴ?"
"ቆቤ ነው የወረደ። ጆሮዬ አለ፤ ያችን መስመር ዘለልሻት!"
ሳቀች፤ ተመልሳ አነበበቻት።
ይህን የምጽፈው ባንድ ዓይን ነው። ዳዊቱን የጨረሰች ዕለት እነዚህን ወረቀቶች ለጌጤ እሰጣታለሁ። የአማቴን ነገር የጻፍሁበትን ጮክ ብላ ታንብበው።