የአባባ መስታወት

ጂንካ፣ ኅዳር 1991 ዓ.ም.

ሐዋሳ ለምትገኘው ወንድሜ ዳርጌ፣

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ከእኔ በኩል ከናፍቆትህ ሌላ የሚወራ ክፉ ነገር የለም።

ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሰሞኑን አቢጊያ የምትባል ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ ብርሃን መስታወት ላይ ትንሽ አርፎ ነው የሚመለሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አያርፍም! ቢቆይ እንኳ ዓይን የሚደርስበት አይደለም» አልኳት። ይህን እኔና አንተ ከመጽሐፍ በፊት ከአባባ ነው የተማርነው። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ከደጄ ቆሜ ፀሐዩን በመስታወት ወደ ማዶ፣ ወደ እሱ ግቢ እልካለሁ። እሱም ጺሙን በሚላጭበት መስታወት «ደህና አድሬያለሁ» ብሎ ይመልስልኛል። ድሮ እኮ እጄን ሳላወርድ ነበር የሚመልሰው።

አሁን ትንሽ ይቆያል። ቡና ለቀማ ላይ ስለሆነ ነው። ሲመልስም ብልጭታው ይርገበገባል፤ መስታወቱ አርጅቷል ብዬ ቅዳሜ ከገበያ አዲስ ገዝቼ ወጣሁለት። ደስ ብሎት ሳቀ፤ ተቀብሎኝ ግን ራሱ አልሰቀለውም፣ «አንቺው ስቀይው» አለኝ። ሰቀልኩለት፤ ብርሃን ሲመልስልኝ ከምስማሩ ያወርደዋል።

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ላክሁ። ክፍል የምገባበት ሰዓት እስኪያልፍ ቆምኩ። በመጨረሻ መለሰልኝ፤ በአዲሱም መስታወት ብልጭታው ይርገበገባል።

ብርሃኑ እንደሆነ አይዘገይም፤ በዚህ እርግጠኛ ነኝ። አንተም ገናን ሳትጠብቅ ና፣ ቡናውን ታግዘናለህ።

አባባ ሰላም ብሎሃል። ጌታ መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ አየለች